ነፋስ ያልወሰዳት ጥይት

በእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ የሠራሁትን ልንገራችሁ! የሙሽራው ወገንና የእኛ ወገን ኢላማ ይተኩሳሉ፤ በተሸነፈው ሲዘፈንበት ሊዋል ነው። የእኛ ተኳሽ ታናሽ ወንድሜ፣ በአፈሙዘ ጠባቡ ጠመንጃው ሁለቴ ሳተ። ነፋሱ ጥይቱን ወደ ጎን ይወስድበታል። አንድ ተኩስ ብቻ ቀረው። ዘልዬ የጥይት ከረጢቱን ቀማሁትና ውስጡ ያገኘሁትን ሁለት ዓይነት ጥይት በመዳፌ መዘንኩ፤ ረዘም ያለችዋ ከበደችኝ።

«በል ይቺን አጉርስ!»

«እትዬ፣ ፈጣኗ ቀላሏ ናት። አንቺ ደግሞ ስለ ጥይት ምን ታውቂያለሽ?»

«ገብስ አንፍሼ አላውቅም? ነፋስ ገለባውን እንጂ ፍሬውን መች ይወስዳል!»

ተኮሰ። መሀሉን በሳው! እልልታዬን አቀለጥኩት። የሙሽራው ሚዜ እየሮጠ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ከዚያች ከባዷ ለእኛም ይስጡን» አይለኝ መሰላችሁ!

«ሙሽራዋን ወስዳችሁ ደግሞ ጥይቱን?» ብዬ ከረጢቱን መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩት።