መዝጊያ የሌለው በር

በደርግ ጊዜ ነው፤ ሰቆጣ እማራለሁ። የክፍላችንን መዝጊያ ወታደሮች ለምሽግ ነቅለው ወስደውት በሩ ባዶውን ቀርቷል። አንድ ቀን ከደሴ ተቆጣጣሪ መጣ። ገና ሳይቀመጥ የእንግሊዝኛ መምህራችንን፣ «በኽምጣና አፋቸውን ፈተው አማርኛውን እንኳ ላላጠሩ ልጆች እንግሊዝኛ ትግታቸዋለህ? ወደ ታች ክፍል ይመለሱ!» አለው። መምህራችን አቀረቀረ፤ እኔ ደሜ ፈላ። ሰውየው ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ፣ «እስቲ አንቺ! ክሎዝ ዘ ዶር!» አለኝ።

ዝጊ ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን በምን ልዝጋው? ተነሣሁና በሩ መሃል ቆሜ ነጠላዬን ከመቃን እስከ መቃን ወጠርኩት። አቧራ ሲያለብሰን የዋለው ነፋስ ቀጥ አለ። «ምን መሆንሽ ነው?» ሲለኝ፣ «አይ አም ክሎዚንግ ዘ ዶር፣ ሰር!» አልኩት። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ሰውየው ቦርሳውን አንሥቶ ሊወጣ መጣ፤ እኔ ንቅንቅ አላልኩም። «በቃ፣ ኦፕን ዘ ዶር!» አለኝ። በአማርኛ ቢሆን አንገቴን ደፍቼ «ይለፉ፣ ጋሼ» እለው ነበር። በእንግሊዝኛ ግን እኩያው የሆንኩ መሰለኝ። የሚለምን ሰው መጀመሪያ «ፕሊዝ» ይላል ብሎ መምህራችን ያስተማረን ትዝ አለኝና፣ «ሴይ ፕሊዝ!» አልኩት። መምህራችን ያኔ ቀና አለ።

«ፕሊዝ» አለ ተቆጣጣሪው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከፈትኩለት። እሱ ወጣ፤ እኛን ግን ከዚያ ክፍል የሚያስወጣ አልተገኘም።