የተዋስኩት የክትባት ሳጥን

ቴፒ ላለው ላብራቶሪያችን ከሚዛን ከተማ አንቲቦዲ ይዤ በሚኒባስ እየተመለስኩ ነበር። በቡና ቅጠል ሴል ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያስተላልፈውን ፕሮቲን የምንለይበት፣ ማንኪያ የማይሞላ ፈሳሽ ነው። ሙቀት ስለሚያበላሸው ከአንድ የማውቀው ጤና ባለሙያ የክትባት ሳጥን ከነበረዶው ተውሻለሁ። ሸኮ ላይ ወርደን ጎማ ሲቀየር፣ ሕፃን ያዘለች ሴት እጄ ላይ ያለውን ሳጥን አየችና «ዶክተር፣ አትመጡም ሲሉን መጣችሁልን!» ብላ ጎረቤቶቿን ጠራች። ወዲያው አምስት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ከበቡኝ።

«እናቴ፣ ክትባት አይደለም፤ የቡና ቅጠል መመርመሪያ ነው» አልኳት።

ያወረደችውን ልጅ መልሳ አዘለች። «ከታቢዎቹ የቀሩት ሳጥናችንን ሰው ተውሶታል ብለው ነው» አለች። «ለካ አንተ ነህ!»

ሳጥኑን ከእግሬ ሥር ደብቄ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀመጥኩ። በረዶው ግን ቴፒ እስክደርስ አልቀለጠም።