ጉድጓዱ አፍ ላይ የቀረው ጫማ

ይህን ወሬ የሰማሁት ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በታክሲ ስሄድ፣ የመስኮት ወንበሬን ተነጥቄ ነው፤ «የዋሻ አሳሾች ክበብ ነን» ያሉ የከተማ ልጆች ገመዳቸውን ቆልለውበት ነበር። በጋውን ተገን አድርገው ድሮ የተተወ የወርቅ ጉድጓድ ሊገቡ ነው።

«ወርቅ ልታወጡ ነው?» አለች ከፊቴ የተቀመጠች ሴት።

«ኧረ እህቴ፣ ለማየት ብቻ ነው» አላት አንደኛው ልጅ።

«ጨለማውን?»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ባሌ እዚያ ገብቶ አፈር ተናደበት ይላሉ።»

«ሲገባ ማን አየው?»

«ያየው የለም። እኛ አገር ቆፋሪ ሲገባ፣ ሰው መኖሩ እንዲታወቅ ጫማውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ያወልቃል። የሱ ጫማ እዚያ ተገኘ።»

«ገብታችሁ አልፈለጋችሁትም?»

«ማን ይደፍራል? እናንተ ገመድ አላችሁ። አሁን ሌላ ሰው ሽማግሌ ልኮብኛል፤ ቄሱ ደግሞ የባልሽ ሞት ሳይረጋገጥ አላጋባሽም አሉኝ። ካገኛችሁት ንገሩኝ፣ ወንድሜ።»

«ካላገኘነውስ?»

«ያው ሳውዲ ሄዷል የሚሉት እውነት ይሆናላ።»

ልጁ «ሌላ ጫማ ነበረው?» አላት።

«ለገና የገዛው አዲስ ነበረው።»

«እሱስ ቤት አለ?»

«ብፈልግ አጣሁት» አለች። «ብቻ እናንተ ደህና አድርጋችሁ እዩልኝ።»

እኔ ሌላ የጫማ ወሬ እንዳይነሳ ብዬ ለገበያ የጫንኩትን የጫማ ጆንያ በእግሬ ቀስ አድርጌ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋሁት።