የልጅ ልጄን ያስማልሁ ቀን

በእኛ ጊዜማ ባልና ሚስት ሲለያዩ ልጅን ማን ይጠይቀው ነበር? አባት "ነዪ" ካለ አለቀ፣ ተነሥቶ መከተል ነው። እኔም ያንን ይዤ እኮ ነው ጉድ የሠራሁ። አትሣቁ! ስሙኝ እስቲ።

ልጄ አስማረ እዚህ ሐይቁ ዳር፣ ቁንዝላ፣ ከእኔ ጋር ነው የሚኖር፣ ጀልባ አለው፣ ዓሣ ያሰግራል። ሚስቱ ብርቄ ባሕር ዳር ፋብሪካ ገባች፤ ታዲያ እሱ "ከሐይቄ አልነቀልም" አለ፣ እሷ "ከሥራዬ አልነቀልም" አለች፣ በዚያው ተፋቱ። አንዲቱ ልጃቸው ማህሌት ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ እናቷ ዘንድ ትማራለች። እና አስማረ "ልጄ ከእኔ ጋር ትኑር" ብሎ ከሰሰ። ዳኛዋ ሴት ናቸው፤ "ልጅቱ ነፍስ አውቃለች፣ ከራሷ አፍ እሰማለሁ፣ አምጧት" አሉ።

ይኸን ሰማሁና ፈራሁ። "እናቴ ጋር" ብትልስ? ልጄ ያለ ልጁ ቀረ፣ እኔም ያለ እሷ ቀረሁ ማለት ነው። ታዲያ የቀጠሮው ዕለት ባሕር ዳር ተሻግረን ከችሎቱ በር ላይ ልጅቱን ሳብ አድርጌ ወደ ጥግ ወሰድኋት፤

"አባቴ ጋር በያቸው" አልኋት።

እናቷ ወዳለችበት ዞረች።

"እማማ ትሙት በይ!"

"ኧረ እማማ..."

"በይ እንጂ! ካላልሽ እኔ ምንሽ ነኝ?"

"እማማ ትሙት... አባቴ ጋር እላለሁ።"

እኔ ደግሞ ግንባሯን ሳምኋት! አዬ እኔ!

ገባች፣ በሩ ተዘጋ። ብርቄ በዚያ አግዳሚ፣ እኔና ልጄ በዚህ። ብርቄ የነጠላዋን ጥለት ታፍተለትላለች፤ እና ቆየ፣ እና ቆየ። "ሁለት ቃል ለመናገር ይኸን ያህል?" ይለኛል አስማረ። "ዝም በል!" እለዋለሁ። ከዚያ ከውስጥ ልቅሶ ሰማን። ብርቄ ብድግ ስትል ጥበቃው "ቁጭ በይ!" አላት።

ወዲያው ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ "አያቷ ማን ናቸው? ይግቡ" አትልም! ነጠላዬን አጣፋሁና፣ እናንተዬ፣ ገባሁ። የማህሌት ዓይን አብጧል። ዳኛዋ ቀስ ብለው፣ "እማማ፣ ስንት ጊዜ ጠየቅኋት። የምትለኝ 'እውነቱን ከተናገርሁ አያቴ ትሞታለች' ነው። ምን ብለዋት ነው?" አሉኝ።

ምነው ያኔ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ! እኛ "ትሙት" ስንል ለአፋችን ነው፣ ቀን ሙሉ ስንልም እንውላለን፤ ልጅቱ ግን አምናው ኖሯል። መዋሸትም አቃታት፣ እውነቱንም ፈራች።

"አስምያት ነው" አልሁ።

"እንግዲያው ከመሐላው ይፍቷት። ይኸን እኔ ልፈታው አልችልም።"

ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ። ልጄ እኮ ውጭ ተቀምጦ እኔን ነው የሚጠብቅ። ብፈታት ከዳሁት፣ ባልፈታት እሷን ገደልኋት። ማህሌት ዓይን ዓይኔን ታያለች። አንጀቴን በላችው።

"ልጄ፣ ፈትቼሻለሁ። አልሞትም፣ አይዞሽ፣ የልብሽን ተናገሪ" አልኋት።

"እማዬ ጋር ነው፤ ግን ትምህርት ሲዘጋ ቁንዝላ ልሂድ፣ አባዬን አትከልክሉኝ" አለች ባንድ ትንፋሽ። ዳኛዋም እንዲያው አድርገው ወሰኑ።

አስማረ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ፣ ስንመለስ ጀልባው ላይ "አንቺ ነሽ የፈታሻት?" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

ቁንዝላ እስክንደርስ ጀርባውን ሰጠኝ። ወር ሙሉ አኮረፈኝ፣ ኋላ ረሃብ አስታረቀን፤ ወጥ የምሠራለት እኔ አይደለሁ? ኪኪኪ!

"ማህሌትስ?" አላችሁኝ? በየእሑዱ ትደውላለች። "እንዴት ዋልሽ" እንኳን ሳትለኝ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ምን መሰላችሁ? "እማማ፣ አላመመሽም?" ነው። ስልኩን እዘጋና አለቅሳለሁ። እኔ ፈትቻት ነበር፤ ልቧ ግን እስከ ዛሬ አልተፈታላትም።