በቦራ ኮቴ ላይ የመታሁት ሚስማር

በእኛ ጊዜ፣ አትሳቅ እንጂ፣ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው ግን በእኛ ጊዜ ብል ምን አለበት፣ በእኛ ጊዜ ነዳጅ ጠፍቶ ይሄ ባጃጅ ሁሉ በየግቢው ሸራ ለብሶ ቆሞ ነበር፣ እና መቀሌን የሚያመላልሳት ፈረስ ነበር። የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ ስላልከኝ ነው የማወራህ፣ ለሌላ ተሳፋሪ አውርቼው አላውቅም። ባጃጁ እስኪሞላ ስማኝ።

ታዲያ ጎረቤታችን አቦይ ኃጎስ ቦራ የሚባል ፈረስ ነበራቸው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው። ዓይናቸው ደክሞ ከጥላ በቀር አያዩም፣ እና ፈረሱንም ጋሪውንም ለእኔ ሰጡኝ። «ወደይ፣ ልጄ፣ ከእንግዲህ ዓይኔ አንተ ነህ» አሉኝ።

ክረምት ነው፣ ከሓወልቲ እስከ ዓይደር መንገዱ ጭቃና ድንጋይ ነው። የቦራ የግራ የፊት እግሩ ብረት ጫማ ላላ። የሚመታለት ሰውዬ የሚመጣው በማግስቱ ነው። አቦይ «ይረፍ፣ ነገ ይመታለታል» አሉ። እኔ ደግሞ መቀመጥ አልችልም፣ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ እኔ ቤት ልዋል? ከጓሮ የቆርቆሮ ሚስማር አነሳሁ፣ መዶሻ አነሳሁ፣ ለአቦይ ሳልነግር ራሴ መታሁት። አራተኛው ሚስማር ላይ ቦራ እግሩን ከእጄ መንጭቆ ወሰደ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። «ዝም በል አንተ» ብዬ ደገምኩት። ሰማኸኝ? ደገምኩት።

ሰውዬው በማግስቱ ሲመጣ ተመትቶለታል ብዬ መለስኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቦራን በሦስት እግሩ ቆሞ አገኘሁት። ማታ እኮ ደህና ነበር። የግራውን ጫፉን ብቻ ነው መሬት የሚያስነካው፣ እግሩ ላይ ግን እብጠት የለ፣ ቁስል የለ። ሰፈሩ ተሰበሰበ። አንዷ «ጭነት አብዝቶበት ነው» ትላለች፣ ከብት በመተኮስ የታወቀ አንድ ጎረቤታችን ደግሞ እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ «ትከሻው ነው። እግሩ ካላበጠ ትከሻው ነው። ብረት አግሉ» አለ።

አቦይ ወደ እኔ ዞሩ። «ወደይ፣ አብረኸው የምትውለው አንተ ነህ። ያገኘው ነገር አለ?»

«የለም አቦይ።»

እና የቦራን ገመድ ያዝኩ። እኔ ነኝ የያዝኩት። ብረቱ ሁለት ጊዜ ትከሻው ላይ ሲያርፍ፣ ጠጉሩ ሲሸት፣ ቦራ ሲንቀጠቀጥ፣ እኔ ሚስማሩን አስባለሁ፣ ገመዱን ግን አልለቀቅኩም።

በማግስቱ ባሰበት፣ ታዲያ አቦይ የእንስሳት ሐኪም አስጠሩ። አንዲት ቀጭን ሴት መጣች፣ ትከሻውን ዞር ብላም አላየችው። ጎንበስ ብላ ኮቴውን በመዳፏ ያዘችና «እንደ ምድጃ ይግላል» አለች። ከኮቴው ከፍ ብላ ጣቷን አሳረፈች፣ «የደም ሥሩን ንካው» አለችኝ፣ ነካሁት፣ ድም ድም ይላል። ከዚያ በጉጠት ዙሪያውን ጨመቅ ጨመቅ ታደርጋለች፣ እዚህ ምንም፣ እዚህ ምንም፣ አራተኛው ሚስማር ጋ ስትደርስ ቦራ ሊወድቅ ደረሰ። ሚስማሩን ነቀለችው። ጥቁር መግል ተከትሎት ወጣ፣ ሽታው አያድርስ።

«ኮቴ እንደ ሥጋ አያብጥም» አለች፣ «መግሉ መውጫ ሲያጣ ውስጥ ውስጡን ይጫነዋል፣ ለዚህ ነው በአንድ ሌሊት የሚያነክሰው። ድንጋይ ሲቀጠቅጠውም፣ ጭቃ አለስልሶት ሲሰነጠቅም ቆሻሻ ይገባበታል። ይሄ ግን ሚስማር ነው፣ ሥጋው ጋ ደርሷል። ማን ነው የመታው?»

አቦይ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሚስማሩን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱት። ሰፊው ራሱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። የቆርቆሮ ሚስማር በእጅም ይታወቃል።

«እኔ ነኝ ያስመታሁት» አሉ።

«አቦይ፣ በዚህ ሚስማር? እንስሳ ሕመም አያውቅም ብለው ነው?» እያለች ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ ተቆጣቻቸው። እሳቸው «አጠፋሁ ልጄ፣ አጠፋሁ» ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ፣ እሰማለሁ።

ከዚያ ጠዋት ማታ ኮቴውን ለብ ባለ የጨው ውሃ ስዘፈዝፍ፣ በንጹሕ ጨርቅ ስጠቀልል ሰነበትኩ። አቦይ አንድ ነገር አልተናገሩኝም። መቆጣታቸውን ስጠብቅ፣ ስጠብቅ። ቦራ እግሩን አሳርፎ የቆመ ዕለት አልቻልኩም፣ «አቦይ፣ ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «በሚስማር ሰው ይሳሳታል። ትከሻውን ሲተኩሱት ገመዱን የያዘው ማን ነበር?»

«እኔ።»

«እሱን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።»

ገመዱን ከእጄ ተቀበሉኝ፣ እና ግድግዳውን እየዳሰሱ ቦራን ራሳቸው አስገቡት።