የአያ ፈረደ የአረር ቀለበት

ጠላት መተማን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ አለነ የሚባል ወጣት ከሱዳኑ ገዳሪፍ ሲመለስ በቅሎውን ውሃ ሊያጠጣ ወደ ሽንፋ ወንዝ ወረደ። እዚያም ባዶ ቀለህ እየሞሉ ጥይት በመሥራት የታወቁትን አያ ፈረደን አገኛቸው። ሽማግሌው ቁጭ ብለው አንዲት የናስ ቀለበት በአሸዋና በአመድ ይፈትጉ ነበር።

ያን ቀን የአያ ፈረደ ልብ ተሰቅሎ ውሏል። ልጃቸው አዛናው በማግስቱ ከአርበኞች ጋር ሊዘምት ነው፤ ባዶ ቀለህ ለቅመው፣ የጥይት ጫፍ የሚሆነውን አረር አቅልጠው ጥይቱን የሞሉለትም እሳቸው ናቸው። አረሩ በቀለበቷ ካለፈ ለውጅግራ ጠመንጃው ልክ ነው፤ ካላለፈ ወፍራም ነውና በሞረድ ይስተካከላል።

«እንዴት ዋሉ አያ ፈረደ? ምነው እንዲህ ይፈትጓታል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ገባህ ልጄ? ከአባቴ የወረስኳት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳላጸዳት ቀርቼ አላውቅም። ዕቃዬን አከብራለሁ።»

አለነ በገዳሪፍ የባቡር መጠገኛ ሲሠራ የቆየ ሰው ነውና ነገሩ አላስችል አለው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አሸዋ ናስን ይበላል። ቀዳዳዋ ሰፍቶ እንደሆነስ? ወፍራሙንም ታሳልፋለች እኮ።»

«ኧረ ወዲያ! ሱዳን ከርመህ መጣህና ጥይት ልታስተምረኝ? ጸጉሬ እስኪሸብት ስሞላ ኖርኩ፤ ጥይትህ ተቀረቀረብኝ ብሎ ከደጄ የቆመ አንድ ሰው የለም።»

«የተቀረቀረበት ሰው፣ አያ፣ በምን እግሩ መጥቶ ይነግርዎታል?»

አያ ፈረደ መፈተጋቸውን ትተው ቀለበቷን አገላብጠው አዩ። የእህታቸው ልጅ እንግዳው አምና ጦር ሜዳ ሲወድቅ፣ ጠመንጃው ወደ ቤት የመጣው እሳቸው የሞሉት ጥይት ግማሽ ድረስ ገብቶ፣ መዝጊያው አልዘጋ እንዳለ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» አለ፤ እሳቸውም እንደዚያው ብለው ነበር።

አለነ ከስልቻው በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለች ድቡልቡል ብረትና አንድ ወረቀት አወጣ።

«ይቺ ለአርበኞች ብዬ በመጠገኛው በውጅግራ አረር ልክ ያሠራኋት ናት። ወረቀቱ የተፈተነችበትን ቀንና የፈታኙን ማኅተም ይዟል። ቀለበቱ ልክ ከሆነ ጠበቅ ብላ ትገባለች።»

«ያንተዋንስ ማን ፈተናት?»

«በመጠገኛው ተቆልፎበት የሚኖር ዋና ብረት አለ። ለሥራ አይወጣም፤ የሌሎቹ ዳኛ ብቻ ነው። እሱም በጊዜው ከበላዩ ካለው ጋር ይተያያል።»

«እንግዲያ ብረትም ዳኛና ይግባኝ አለው በለኛ!»

ፈገግ ብለው ብረቷን ተቀበሉ። በቀለበቷ ሲሰዷት ምንም ሳይነካት አልፋ አሸዋው ላይ ወደቀች።

«እንግዳውን የበላሁት እኔ ነኝ» አሉ አያ ፈረደ፤ እንባቸውም ወረደ።

«ባለማወቅ ነው፣ አያ።»

«ትናንት አላወቅሁም። ዛሬ ግን አውቄአለሁ። ተነሥ፣ ቤት ድረስና ወናፉን ያዝልኝ።»

ሲመሽ አዲስ ቀለበት ሠርተው፣ በብረቷ ፈትነው፣ የአዛናውን አረሮች ከየቀለሃቸው እየነቀሉ በአዲሷ ቀለበት ሞከሯቸው። ብዙዎቹ እንቢ አሉ፤ ሞርደው መልሰው ሞሏቸው። ከዚያ ወዲህ አዲሷ ቀለበት አሸዋ አልነካትም፤ በለስላሳ ጨርቅ ትጠረጋለች። አለነ ወደ ገዳሪፍ በወረደ ቁጥር ብረቷን ከዋናው ጋር አስተያይቶ፣ አዲስ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ዕቃን ማክበር መልካም ነው፤ የሰው ነፍስ ያለበትን መለኪያ ግን ማብረቅረቁ ብቻ አይበቃውም፤ ልክነቱ በየጊዜው መታየት አለበት። ይህን ያወቁ በሽንፋ ጥይት የሚሞሉ ሁሉ ቀለበታቸውን ወደ አያ ፈረደ ያመጡ ጀመር።

ክረምቱ ሲገባ አዛናው ከዘመቻ ተመልሶ ከደጅ ቆመ። አባቱ እንዴት ነህ ከማለታቸው በፊት ስለ ጥይቱ ጠየቁት።

«አንዱም አልተቀረቀረም፣ አባዬ።»

አያ ፈረደ የልጃቸውን ትከሻ ይዘው፣ ያን ቀን ብረቷን ይዞ መጥቶ ወደ ነበረው አለነ ዞሩ።

«ይኸው» አሉ፣ «በእግሩ መጥቶ ነገረኝ።»