የሰባቱ ዳቦ ቤቶች ቃለ ጉባኤ

በገዛሁት በሦስተኛው ሳምንት አላቀዘቅዝም ያለኝን ማቀዝቀዣ ሻጭ ለመክሰስ ወደ ንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ፣ የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ከጎኔ ተቀመጡ። ከእርሾ ጋር አርባ ዓመት ስለኖሩ አባ እርሾ እንላቸዋለን። በብብታቸው ፋይል ሸጉጠዋል።

"ማንን ሊከሱ ነው?" አልኳቸው።

"አዲሲቱን ጋጋሪ ነዋ! ከኛ ዋጋ አሳንሳ ትሸጣለች። ማስረጃህ የታለ እንዳይሉኝ በማኅተም ይዤ መጥቻለሁ።"

ፋይሉን ገልጬ አየሁት። የሰባት ዳቦ ቤቶች ማኅበር ቃለ ጉባኤ ነው። ዋጋ አንድ ይሁን፤ ያሳነሰ ከወፍጮ ቤቱ ዱቄት አያግኝ ይላል። ሳቄ መጣ። ብዙዎቻችን ክፋት ተደብቆ የሚሠራ ብቻ ይመስለናል፤ በማኅተም ከሆነማ ምርቃት ነው። ልነግራቸው አፌን ስከፍት ተጠሩ። "መነጽሬን ረስቻለሁ፤ ና አንብብልኝ" ብለው እኔንም ይዘውኝ ገቡ።

ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ከወንበሯ ተነሥታ አስቀመጠችን፤ ወረቀቱንም ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሕጉ የሚከለክለው ይህንኑ ነው። ተወዳዳሪ ነጋዴዎች ተሰብስበው ዋጋ መወሰን አይችሉም።"

"ተስማምቶ መኖር ወንጀል ሆነ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለም እንዴ!"

"አንበሳ ቢታሰር መልካም ነበር። እዚህ የታሰረው ግን ዳቦ ገዢው ነው።"

"እሱ ምን ጎደለበት? ከሰባታችን ወደ ማናችንም ቢሄድ ዋጋው ያው ነው።"

"ዳቦዎ ዛሬም ያምናውን ያህል ይመዝናል?"

አባ እርሾ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ትንሽ... ቀለል ብሏል።"

"አዲሲቱ ጋጋሪ ከመምጣቷ በፊት ደንበኛ አልሸሽዎትም?"

"ወዴት አባቱ ይሸሻል!" አሉ። ከአፋቸው የወጣውን ሲሰሙት ግን ነገሩን ወደ አዲሲቱ ጋጋሪ አዞሩት። "እሷስ? እኛን አጥፍታ ነገ ዋጋ ብትሰቅልስ?" አሏት።

"ገበያውን ለመጠቅለል እየከሰረች የምትሸጥ ከሆነ እሷንም እንጠይቃለን። ሕጉ ለሁላችሁም ነው። ለመሆኑ ዱቄቷ መቼ ያልቃል?"

"ነገ ጠዋት። ከዚያ ትዘጋለች።" ድምፃቸው ወረደ። "ጡት የሚጠባ ልጅ አላት።"

"እርስዎ ሥራ ሲጀምሩ ለዋጋዎ ማንን አስፈቀዱ?"

"ማንንም። የዚያን ጊዜው ጋጋሪ ባለወፍጮውን አሳደመብኝ። ከሌላ ከተማ ዱቄት በጀርባዬ ተሸክሜ ነው ያለፍኩት። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ረግሜው ነበር፤ ዛሬ እርግማኑ ወደ ራሴ ዞረ።"

መሳቄ አሳፈረኝ።

"ቅጣት አለው?" ሲሉ ጠየቁ።

"አለው፤ ከባድም ነው። ሳይደረስበት ቀድሞ ለተናገረና ላቆመ ግን ሕጉ ያቀልለታል።"

"ልጄ፣ አልዋሽሽም። ይህን ያመጣሁት ሳላውቅ ነው።"

"እንግዲያው አሁን አውቀው ይስጡን።"

ፋይሉን በሁለት እጃቸው ሰጧት። ስልካቸውንም አውጥተው እዚያው ባለወፍጮው ጋ ደወሉ። "ለልጅቷ ዱቄት ጫንላት። ማን አለ? እኔ ነኛ! አዎ፣ የከለከልኩህም እኔ ነኝ።"

ይህ ከሆነ ሦስት ወር አለፈው። የጋጋሪዎቹ ማኅበር አልፈረሰም፤ ቅጣቱን ከፍሎ ስለ ምድጃ ደኅንነትና ስለ ንጽሕና መሰብሰቡን ቀጥሏል። ዋጋውን ግን እያንዳንዱ በየቤቱ ይወስናል። ዳቦው ክብደቱን መልሷል፤ የትናንቱን እንደ ዛሬ አድርጎ የሚሸጥልንም የለም፤ ገዢው ጥሎት ይሄዳላ! ብልሹ ማቀዝቀዣዬም ቢሆን ተቀይሮልኛል።

ባለፈው ጠዋት አባ እርሾን ከልጅቷ ሱቅ ደጃፍ አገኘኋቸው። ዳቦዋን ገዝተው ቆመው ያላምጣሉ። "እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"ከኔ ይሻላል" አሉ እውነቱ እያመማቸው። ቀሪውን በወረቀት ጠቅልለው ለሠራተኞቻቸው ሊያስቀምሱ ወደ ዳቦ ቤታቸው ገሰገሱ።